ባለ 24 መሳቢያው የአድቬንት ሳጥን፦ የያዘውና የጎደለው

ባለፈው የልደት ሰሞን «ለነፍስ የሚሆን የበዓል ስጦታ» በሚል ማስታወቂያ በኢንተርኔት ይሸጥ የነበረ አንድ የአድቬንት ካሌንደር፣ ማለትም እስከ ልደት በዓል ያሉትን ቀናት በየቀኑ አንድ መሳቢያ በማስከፈት የሚያስቆጥር ሳጥን፣ አዝዤ ነበር። እኔ፣ ባለቤቴና የስድስት ዓመት ሴት ልጃችን ከዲሴምበር 1 እስከ 24 ድረስ በየማለዳው አንድ አንድ መሳቢያ እየከፈትን ተጠቅመንበታል። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ ይህን መሰል ሳጥን የሚያመርቱ ብዙዎች ስለሆኑና አሠራራቸውም እርስ በርሱ እጅግ ስለሚመሳሰል ትዝብቴ ለአብዛኞቹ የሚሠራ ይመስለኛል። ከዚህም ሌላ ዋናው ጥያቄዬ የአንድን ድርጅት የሥራ ጥራት የሚመለከት አይደለም። ሳጥኑ የእግዚአብሔርን ፍቅር በየቀኑ እንድትቀምሱ አደርጋለሁ ብሎ በማስታወቂያው ቃል ገብቶ ነበርና፣ ቃሉን ጠበቀ ወይስ አልጠበቀም የሚለውን ነው የምጠይቀው።

በመልኩ እንጀምር። ሳጥኑ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ፣ ክዳኑ በማግኔት የሚገጥም፣ ከወፍራም ካርቶን የተሠራ ነው። ሲከፍቱት 24 ትንንሽ መሳቢያዎች በ4 ረድፍ ተደርድረው ይታያሉ። ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሳይሆን ተዘበራርቀው የተጻፉ በመሆናቸው የዕለቱን ቁጥር መፈለጉ ራሱ ለልጅ ጨዋታ ነው፤ ይህን ወድጄዋለሁ። ክዳኑ ላይ የተረጨው ብልጭልጭ ግን በሁለተኛው ቀን በጠረጴዛው ልብስ፣ በሦስተኛው ቀን በልጄ ቅንድብ ላይ ተገኘ፤ ከምንጣፉ ውስጥ እስካሁን ጠርገን አልጨረስነውም። የ9ኛው ቀን መሳቢያ ደግሞ ተጣብቆ በቢላ ጫፍ ነው የወጣው። በውስጡ የነበረው የእጅ ቅባት ክዳኑ ላልቶ ፈስሶ ስለነበር፣ አብሮት የተቀመጠው የጥቅስ ካርድ በቅባቱ ርሶ ከጀርባው የታተመው ጽሑፍ ወደ ፊት አሳልፎ ይታይ ነበር። ከጀርባው የታተመው የዚያው ቅባት ትልቁ ጠርሙስ ማስታወቂያ ነው። በዚያ ጠዋት ጥቅሱን ስናነብ ማስታወቂያውንም ሳንፈልግ አብረን አነበብን።

ስለዚህ ዕቃ አመጣጥ ጥቂት ማወቅ ለግምገማው ይጠቅማል። አድቬንት «መምጣት» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የተገኘ ሲሆን፣ በምዕራቡ የክርስትና ትውፊት ከልደት በፊት ያሉትን አራት እሑዶች የያዘውን የዝግጅት ወቅት ያመለክታል። ወቅቱ የሚጀምረው እንደየዓመቱ ከኖቬምበር 27 እስከ ዲሴምበር 3 ባሉት ቀናት ውስጥ በሚውለው እሑድ ነው፤ ሳጥኑ ግን ሁልጊዜ ዲሴምበር 1 ብሎ ስለሚጀምር ከቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠር ጋር የሚገናኘው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 በጀርመን ሃምቡርግ የችግረኛ ልጆች ማሳደጊያ ይመራ የነበረው ዮሐን ሂንሪሽ ቪሽርን፣ ልጆቹ «ልደት ደረሰ ወይ?» እያሉ በየቀኑ ቢያስቸግሩት፣ በጋሪ ጎማ ላይ ሻማዎች ተክሎ፣ ለአዘቦቱ ቀን ትንሽ፣ ለእሑዶቹ ትልቅ ሻማ መድቦ፣ በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ሻማ ያበራላቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1908 ጌርሃርድ ላንግ የተባለ አሳታሚ በሙኒክ ከተማ ባለ 24 ሥዕሉን የወረቀት ካሌንደር አሳተመ፤ የሚከፈቱት ትንንሽ መስኮቶች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወረቀት ጠፍቶ ሥራው ተቋርጦ ቆየና እ.ኤ.አ. በ1946 ሪቻርድ ዘልመር በሽቱትጋርት እንደገና ጀመረው። ዛሬ በሽቶ፣ በመጫወቻ፣ በጌጣጌጥና በመዋቢያ የተሞሉት ሁሉ የዚያ ወረቀት ልጆች ናቸው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የያዘኝ የጋሪው ጎማ ነው። በዚያ ማሳደጊያ ውስጥ ለማንም ልጅ በየቀኑ በእጁ የሚገባለት ነገር አልነበረም። በየቀኑ የሚጨምረው ብርሃን የሁሉም ነበር፤ አንዱ ልጅ ወስዶ ኪሱ የሚከተው፣ ሌላው ልጅ ደግሞ የሚቀናበት አልነበረም።

ወደ ይዘቱ ስንመለስ፣ ከመሳቢያዎቹ ውስጥ ቸኮሌት፣ ትንንሽ ሻማ፣ ሳሙና፣ የቁልፍ መያዣ፣ የኮከብ ቅርጽ ያለው የደረት ጌጥና የመሳሰሉት ወጥተዋል። ጥራታቸው መካከለኛ ነው። ቸኮሌቱ ወዲያው ተበላ፤ ከቀረው ውስጥ እስካሁን አገልግሎት የሰጡን አራት ወይም አምስት ዕቃዎች ቢሆኑ ነው። ይህ የእኛ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። ጆኤል ዋልድፎጌል የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት፣ የበዓል ስጦታ ተቀባዮች ለተሰጣቸው ዕቃ የሚሰጡት ግምት ከተገዛበት ዋጋ ከአሥር እጅ አንድ እስከ ሦስት እጅ አንድ ድረስ ያነሰ ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል። በእርሱ ዓይን ይህ ልዩነት ሜዳ ላይ የሚቀር ኪሳራ ነው። የኢኮኖሚ ሰው እንዲህ ማሰቡ አያስገርምም፤ እኔን ያስገረመኝ ግን ይኸው መለኪያ የክርስትናን ዋና ስጦታ ሲለካ የሚሆነው ነገር ነው። «የእርሱ ወደ ሆነው መጣ፥ የገዛ ወገኖቹም አልተቀበሉትም» በሚለው የዮሐንስ ወንጌል ቃል መሠረት፣ በሰጪው ወጪና በተቀባዩ ግምት መካከል ከዚህ የሰፋ ልዩነት ከቶ አልታየም። ሰጪው ይህን አስቀድሞ እያወቀ ሰጠ። በኪሳራ መዝገብ ቢጻፍ ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ይሆን ነበር፤ ወንጌሉ ግን ፍቅር ብሎ ጻፈው።

ሳጥኑን «መንፈሳዊ» የሚያሰኙት ካርዶቹ ናቸው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ካርዶቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ በመሆናቸው እያንዳንዱን ጥቅስ ከአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እየፈለግን ለልጃችን እናነብላት ነበር፤ ሳጥኑን ከመግዛቴ ያተረፍኩት ትልቁ ነገርም ይህ ነው። በ3ኛው ቀን የወጣው ካርድ ዮሐንስ 3፥16ን የያዘ ነበር። ካርዱ ከቴምብር ብዙም ስለማይበልጥ ጥቅሱ ሙሉውን አልያዘም፤ እግዚአብሔር ዓለምን እጅግ እንደ ወደደ ይናገርና ሦስት ነጥብ አድርጎ ያበቃል። ሰጠ የሚለው፣ ማንን እንደሰጠም የሚገልጸው ክፍል ከመቀስ ውጪ ቀርቷል። ስለ ስጦታ ሊያስተምር የተሠራ ሳጥን ከዚህ ጥቅስ ውስጥ ለይቶ የጣለው ስጦታውን መሆኑን ሳይ፣ ይህን ካርድ ያዘጋጀው ሰው አስቦበት ይሆን ብዬ ጠየቅሁ፤ አስቦበት ግን አይመስለኝም፤ ቦታ አልበቃውም።

በአማርኛ ግን እንዲህ አድርጎ መቁረጥ አይቻልም። «በእርሱ የሚያምን ሁሉ የዘላለም ሕይወት እንዲኖረው እንጂ እንዳይጠፋ እግዚአብሔር አንድያ ልጁን እስኪሰጥ ድረስ ዓለሙን እንዲሁ ወዶአልና» ይላል። የቋንቋችን ሥርዓት ማሰሪያውን ወደ መጨረሻ ስለሚያደርገው፣ አንባቢው «ወዶአልና» ከሚለው ቃል ለመድረስ «አንድያ ልጁን እስኪሰጥ ድረስ» በሚለው ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ሌላ መግቢያ የለውም። «እንዲሁ» የሚለውም ቃል አንድ ነገር ይጨምራል። የጽርዑን (የግሪክኛውን) አሳብ የሚከተል ሰው «በዚህ መጠን፣ በዚህ ዓይነት» ብሎ ይፈታዋል፤ ልክም ነው። ነገር ግን በዕለት ንግግራችን «ለምን ሰጠህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «እንዲሁ ነው» የሚል ሰው ምክንያትም ዋጋም የለውም ማለቱ ስለሆነ፣ የአማርኛ ጆሮ ይህን ጥቅስ ሲሰማ ሁለቱንም በአንድነት ይሰማል። ሐዋርያው ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ስለ ጽድቅ ሲናገር «እንዲያው በጸጋው» የሚል የቅርብ ዘመድ የሆነ ቃል ተጠቅሟል። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ «ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቶአልና» የሚል አለ። በዓሉን ገና ብለን የምንጠራ ሰዎች ይህን «ገና» ስናነብ ፈገግ ብንል ማንም አይቆጣንም፤ ሁለቱ ቃላት የሚገናኙት በድምፅ ብቻ ቢሆንም፣ ስጦታው ከመዘጋጀታችን በፊት የመጣ መሆኑን ለማስታወስ ከዚህ የተሻለ ግጥጥሞሽ አላገኘሁም።

የ6ኛው ቀን መሳቢያ ነጭ ጢም ያለው፣ ቀይ የለበሰ ሽማግሌ የተንጠለጠለበት የቁልፍ መያዣ ይዞ መጣ። ዲሴምበር 6 በምዕራቡ ዓለም ለዚህ የገና አባት ምስል መነሻ የሆነው የቅዱስ ኒቆላዎስ መታሰቢያ ስለሆነ ምርጫው ያለምክንያት አልነበረም፤ ሆኖም ካርዱ ስለዚያ የአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚራ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ አንድ ቃል አይናገርም። በትውፊት እንደሚነገረው ኒቆላዎስ አባታቸው ደኽይቶ ጥሎሽ ላጣላቸው ሦስት ልጃገረዶች ወርቁን በሌሊት፣ በድብቅ ነበር ወደ ቤታቸው የወረወረው። በድብቅ ያደረገው ማንም ውለታ አለብኝ ብሎ እንዳይጨነቅ ነው ብዬ አምናለሁ። የቁልፍ መያዣው ግን ከጀርባው የአምራቹ ስም ተቀርጾበታል፤ ሰጪው ማን እንደሆነ ለአፍታም አያስረሳም።

የ13ኛው ቀን መሳቢያ ባዶ ነበር። ዕቃም፣ ካርድም አልነበረበትም። ፎቶ አንስቼ ለደንበኞች አገልግሎት ብልክ በማግስቱ መልስ መጣ፤ ይቅርታ ጠይቀው፣ ምትኩ ከበዓሉ በኋላ እንደሚደርሰኝ፣ እስከዚያው ለሚቀጥለው ግዢ የሚሆን የቅናሽ ኩፖን እንደላኩልኝ ገለጹ። ምትኩ እስካሁን አልደረሰም፤ ኩፖኑ ጊዜው ሊያልፍበት መሆኑን የሚያስታውሱ መልእክቶች ግን ሦስት ጊዜ ደርሰውኛል። በአገልግሎት በኩል ይህ ደካማ ነጥብ ነው፤ ከዚህ በላይ አልሄድበትም። ልሄድበት የምፈልገው ልጃችን በዚያ ባዶ መሳቢያ ያደረገችው ነው። በማግስቱ ጠዋት መሳቢያውን አውጥታ «ይኼ ያንተ ነው» ብላ ሰጠችኝ። በውስጡ ከአንድ ጎኑ የተሸረፈ፣ የምትወደው አረንጓዴ ላጲሷ ነበረበት። እኔም ሳላስብበት «እኔስ ምን ልስጥሽ?» አልኋት። ግራ ገብቷት ካየችኝ በኋላ «መሳቢያውን መልስልኝ፤ ቦታው ክፍት ሆኗል» አለችኝ።

ከአፌ የወጣው ጥያቄ የሁላችንም ልማድ ነው። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ ባሳተመው ድርሳን፣ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ስጦታ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ የሚባሉ ሦስት ግዴታዎች እንዳሉበት አሳይቷል። እኛም ደግ ነገር የተደረገልን እንደሆነ «ብድር መላሽ ያድርገኝ» እንላለን፤ ያማረ ምርቃት ነው፤ ነገር ግን ስጦታን ብድር ብሎ ይጠራዋል። የበዓል ገበያው የቆመው በዚህ ላይ ነው። እርሷ ከሰጠችኝ እኔም ልስጣት፣ እርሱ ትልቅ ከሰጠኝ ትንሽ መመለስ ያሳፍረኛል፤ ሰው ገበያ የሚወጣው ከደስታው ይልቅ ዕዳው ገፍቶት ይሆናል። የክርስትና ትምህርት የዚህን ሰንሰለት መጀመሪያ ነው የሚበጥሰው። ጳውሎስ ብድራቱን ይመልስ ዘንድ ለእግዚአብሔር አስቀድሞ ያበደረ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ የሚመልስለት የለም። የዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክት ደግሞ በምዕራፍ 4 ላይ ከዚህም የሚያስደንቅ ነገር አለው። «እግዚአብሔር እንዲህ አድርጎ ከወደደን» ብሎ ሲጀምር፣ ማንኛውም አንባቢ ቀጥሎ «እኛም እርሱን ልንወድ ይገባናል» የሚል ይጠብቃል፤ ሐዋርያው ግን «እኛ ደግሞ እርስ በርሳችን ልንዋደድ ይገባናል» ብሎ ዕዳውን ወደ ሰጪው ሳይሆን ወደ ጎረቤት ያዞረዋል። ከካርዶቹ አንዱም ይህን ጥቅስ አልያዘም። ቢይዝ ኖሮ ከጀርባው ምን ዓይነት ማስታወቂያ ሊታተም እንደሚችል መገመት ያስቸግረኛል።

የሳጥኑ ትልቁ ጉድለት ግን ከዕቃዎቹም ከካርዶቹም ላይ የለም፤ ከአሠራሩ ላይ ነው። አድቬንት የመጠበቅ ወቅት ነው። የወቅቱ ጸሎቶችና ንባቦች ነቢያት የጠበቁትን መምጣት ከዳግም ምጽአት ጋር አያይዘው ያስባሉ፤ ስለዚህ መጠበቁ ራሱ የአምልኮው አካል ነው። ይህ ሳጥን ደግሞ በየማለዳው ትንሽ ትንሽ እየከፈለ መጠበቅን አላስፈላጊ ያደርገዋል። ልጄ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ልደት መቼ ነው?» እያለች ትጠይቅ ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ጥያቄዋ «ነገ ምን አለ?» ወደሚለው ተለወጠ፤ በ18ኛው ቀን ደግሞ ሳሙናውን አየት አድርጋ አስቀመጠችና መኝታ ቤቷ ገባች። ቪሽርን ለልጆቹ ያበራላቸው ሻማ ጥያቄያቸውን አላረካውም፤ ይልቁንም የቀረውን ጊዜ ያሳያቸው ነበር። የእኛ ሳጥን ጥያቄውን በቸኮሌት ዝም አሰኘው። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ይህን ያደረገው ሳጥኑ ብቻ አይደለም፤ ማለዳ ማለዳ እየተጣደፍን ከፍተን፣ ካርዱን አንብበን ወደ ሥራ የሮጥነው እኛ ነን።

መግዛት ለሚያስብ ሰው አስተያየቴ ይህ ነው። ሳጥኑ ጠንካራ ስለሆነ ለብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ባዶውን ቢሸጡት ኖሮ ሳላመነታ እመክረው ነበር። ከነዕቃው የሚጠየቅበት ዋጋ ግን ከይዘቱ ጋር አይመጣጠንም። ልደትን በጃንዋሪ 7 በሚያከብሩ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ያሉ ምእመናን ደግሞ ሳጥኑ ከበዓላቸው ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ እንደሚያልቅ ሊያውቁ ይገባል። የወረቀቱ ዓይነት፣ ከመስኮቱ በስተጀርባ ሥዕል ብቻ ያለው፣ በእጅጉ የረከሰ ነው፤ ለዓላማውም የተሻለ ይመስለኛል፤ ሥዕል አይታይና ያልቃል እንጂ አይከማችም። እኛ በሚመጣው ዓመት የዚህኑ ሳጥን መሳቢያዎች ራሳችን ልንሞላቸው አስበናል፤ በየመሳቢያው የምናስገባው የአንድ ሰው ስም ሲሆን፣ በዚያ ቀን ያን ሰው እንጠይቀዋለን ወይም እንደውልለታለን። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ስም አሁኑኑ ጽፋ 1 ቁጥር ውስጥ አስገብታለች፤ ማን እንደሆነ አልነገረችኝም።

አንድ ነገር ቀረኝ። መሳቢያዎቹ 24 ናቸው፤ ለዲሴምበር 25 የተሠራ መሳቢያ የለም። ይህ የዚህ ካሌንደር የቆየ ሥርዓት ነው፤ አምራቹ አስቦበት ያደረገው ነገር ባይሆንም ከሳጥኑ ሁሉ ያደነቅሁት ይህንን ነው። በዚያ ጠዋት ልጃችን ቀድማን ተነሥታ ሳጥኑን ከፈተች፤ ቁጥሮቹን ሁሉ በጣቷ እያስነካች አለፈች፤ ከዚያም አዙራ ጀርባውን አየች። «የዛሬው የታለ?» ስትል ባለቤቴ አጠገቧ ተቀምጣ የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 2 ገለጠችና ማንበብ ጀመረች። «የበኩር ልጅዋንም ወለደች፥ በመጠቅለያም ጠቀለለችው» ከሚለው ስትደርስ ልጅቱ አቋረጠቻት። መጠቅለያ የሚለውን ቃል ላለፉት 24 ቀናት ስትሰማው ስለከረመች «ለማን ነው የጠቀለለችው?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቴ መልስ ሳትሰጣት ማንበቧን ቀጠለች፤ አራት ቁጥር ወረድ ብሎ፣ እረኞቹ ከሰሙት ውስጥ፣ «ተወልዶላችኋልና» የሚል ቃል አለ።